ያውቁ ኖሯል? ስሙን ደብቆ የሚገባው ሰው

የቡና ቀማሽ ማንኪያውን ከሲኒው ነክሮ ፉት ሲል ድምፁ ከበር ውጭ ይሰማል። ቡናውን አይውጠውም፤ ተፍቶት ወደሚቀጥለው ሲኒ ያልፋል። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ዲላ ላይም መጋዘንና የደረጃ ምርመራ አለው። እዚያ ከሲኒዎቹ ፊት የነጋዴ ስም አይጻፍም፤ ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ቀማሹ የወዳጁን ቡና ይቅመስ የባላንጣውን አያውቅም። ቁጥሩ የማን ጆንያ እንደሆነ የሚያሳይ ዝርዝር ግን አንድ ቦታ ተቀምጧል። ዝርዝሩ ከወጣ ቅምሻው ሁሉ ከንቱ ነው።

የዛሬው ዓምዳችን ስሙን ለውጦ ወንጀለኞች መሀል ስለሚገባ ሰውና እሱ ስለሚያሳድደው ከሃዲ ነው። ከሲኒው የጀመርነው በምክንያት ነው፤ ሲጨርሱ ይገናኛል።

ከዲላ ጎዳና

ዲላ ከአዲስ አበባ 360 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ፣ ወደ ሞያሌ በሚወስደው ዋና አስፋልት ላይ የተቀመጠች ከተማ መሆኗን ያውቁ ኖሯል? አስፋልቱ ከዲላ አልፎ ወናጎንና ይርጋ ጨፌን እያቋረጠ ወደ ኬንያ ድንበር ይወርዳል። ለቡናም ለኮንትሮባንድም መንገዱ አንድ ነው።

ለውጭ ገበያ የሚሆን ቡና ያለ ፈቃድ በአገር ውስጥ ገበያ መሸጥ ክልክል መሆኑንስ? ኮንትሮባንዲስቱ የሚበላው ይህንን ክልከላና የዋጋውን ልዩነት ነው። ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲለቀም የኬላ ጠባቂ እንቅልፍ የሚያጣውም ለዚህ ነው።

ለሹፌሮቹ ፍጥነት ሲባል ሕዝቡ አይሱዙን «አልቃይዳ» ብሎ ስም እንዳወጣለት ያውቁ ኖሯል? እስቲ ሌሊት ሰባት ሰዓት ላይ አንዱ አይሱዙ ኬላ ሲደርስ እናስብ። ገመዱ ተወጥሯል። ሹፌሩ ሞተሩን ሳያጠፋ መስኮቱን ዝቅ ያደርጋል። ከላይ የሚታየው የሽንኩርት ጆንያ ነው። ፈታሹ ሹል ብረቱን ሦስተኛው ረድፍ ላይ ወግቶ ሲመዘው ጥሬ ቡና ይዞ ይመጣል። ይህ ደህናው ሌሊት ነው። በሌላው ሌሊት ብረቱ ሳይነሳ ገመዱ ይወርዳል፤ ሹፌሩ ማን ተረኛ እንደሆነ አውቆ ነዋ የመጣው! ጆንያን በብረት ወግተው ይፈትሹታል፤ የተረኛ ስም የሸጠን ሰው ግን በብረት አያገኙትም። እሱን የሚያገኘው ከጫኚዎቹ ጋር የሚበላ፣ ከደላላው ጋር የሚያመሽ፣ ስልኩ ለማን እንደሚደወል በጆሮው የሚሰማ ሰው ነው። አበው «እሾህን በእሾህ» ያሉት ለዚህ ዓይነቱ ሥራ ይመስላል።

የታክስ ስወራን ለሚጠቁም ሰው እስከ 20 በመቶ ወሮታ እንደሚከፈል ያውቁ ኖሯል? የፌዴራል ታክስ አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 983/2008 እንዲህ ይላል፦ በተጨባጭ ማስረጃ የጠቆመ ሰው፣ ታክሱ ሲሰበሰብ ከተሰወረው ገንዘብ እስከ 20 በመቶ ድረስ ሊሰጠው ይችላል። ሁለት ሰዎች ግን ወሮታው አይመለከታቸውም፤ በስወራው የተካፈለና መጠቆም የመደበኛ ሥራው የሆነ።

በዚሁ የሞያሌ መንገድ ሰውም «እንደሚሸጥ» ያውቁ ኖሯል? ከሐድያና ከከምባታ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚጓዙ ወጣቶች ዋና መውጫ ሞያሌ ነው። ሰንሰለቱ ረጅም ነው። የሰፈር ደላላ ለአሻጋሪ፣ አሻጋሪ ለሌላ አሻጋሪ ያቀብላቸዋል፤ አንዱ የሌላውን እውነተኛ ስም አያውቅም። መጋቢት 2012 ዓ.ም. በሞዛምቢክ ቴቴ ግዛት የጭነት መኪና ኮንቴይነር ሲከፈት 64 ኢትዮጵያውያን ሞተው ተገኙ፤ በሕይወት የተረፉት 14 ብቻ ነበሩ።

በሊቢያ ስደተኞችን በማሰቃየት የታወቀው የሰው አዘዋዋሪ ኪዳነ ዘካርያስ አዲስ አበባ ላይ የተያዘው በሰላይ ብልሃት እንዳልሆነስ? በ2012 ዓ.ም. ከቀድሞ ሰለባዎቹ አንዱ መንገድ ላይ ሲያየው ለየው፤ ለፖሊስም ጠቆመ። በ2013 ዓ.ም. ግን ለችሎት በቀረበበት ፍርድ ቤት ልብሱን ቀይሮ ወጥቶ ጠፋ። በሌለበት የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት፤ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 2023 ሱዳን ውስጥ ዳግም ተያዘ።

ቡናም የሐሰት ስም ይይዛል

በሽፋን ስም የሚጓዘው ሰው ብቻ እንዳልሆነ ያውቁ ኖሯል? «ይርጋ ጨፌ» የሚለው ስም ዋጋ ስለሚያወጣ የሌላ አካባቢ ቡና ስሙን ለብሶ መሄድ ይወዳል። ምርት ገበያው የይርጋ ጨፌን ቡና «ኤ» እና «ቢ» ብሎ ሲከፍል መለያው ምላስ ነበር፤ የአካባቢው ጠባይ ያለው «ኤ»፣ የሌለው «ቢ»። ወረቀት ሊዋሽ ይችላል፤ ሲኒ ላይ ግን መታወቂያ አይሠራም።

ኢትዮጵያ ይርጋ ጨፌ፣ ሲዳሞና ሐረር የሚሉትን ስሞች በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ስትነሳ ከስታርባክስ ጋር ተፋጣ እንደነበርስ? ክርክሩ ዓለምን ካነጋገረ በኋላ በ1999 ዓ.ም. በስምምነት ተዘጋ።

ከአባቶች ምርመራ

በዐፄ ምኒልክ ዘመን ሌባ የሚያወጣ «ሌባ ሻይ» የሚባል ሰው እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ለአንድ ልጅ የሚያፈዝ መጠጥ ይጠጣል፣ ጥምባሆም ይሰጠዋል፤ በወገቡ ገመድ ታስሮ ይለቀቃል። ልጁ እየተንገዳገደ ገብቶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባ ተብሎ ይከፍላል። ከልጁ ይልቅ ገመዱን የያዘውን ሰው መጠርጠር ይሻል ነበር!

«አውጫጭኝ» ወይም «አፈርሳታ» የሚባለውንስ? ከብት ሲነዳ ወይም ቤት ሲቃጠል የአገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ የቀረ ይቀጣል። ወንጀለኛው እስኪታወቅ ሥራ ተፈትቶ ይመላለሳል። ሳህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በእንግሊዝኛ የጻፈው «አፈርሳታ» የተሰኘ ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1969 የወጣው ከዚሁ ልማድ ተነሥቶ ነው።

በዚያ ጉባኤ ምስጢር የሚያቀብለው ሰው «ወፍ» ይባል እንደነበርስ ያውቁ ኖሯል? ያየውን በአደባባይ ከተናገረ የወንጀለኛው ዘመድ ደም ይቃባዋል። ስለዚህ ለሽማግሌዎቹ በስውር ይነግራል፤ እነሱም ነገሩን የሰሙት ከወፍ ነው ይባላል። ከስሙ ይልቅ ሕይወቱን ለመጠበቅ የተደረገ ነው። ዛሬ የምስክሮች ጥበቃ የምንለው ነገር አያቱ ይህ ወፍ ነው።

በጌዴኦ ደግሞ «ሶንጎ» የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ መኖሩን? ነገር የሚታየው በሸንጎው ፊት፣ ሰው እየሰማ ነው። የጌዴኦ መልክዓ ምድር በመስከረም 2016 ዓ.ም. ሪያድ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ፣ ከእንሰቱና ከጥላ ዛፍ ሥር ከሚበቅለው ቡና፣ ከትክል ድንጋዮቹም ጋር የሽማግሌዎቹ ጠባቂነት አብሮ ተወስቷል። ወፍ በስውር ያመጣውን ሸንጎ በአደባባይ ካልመዘነው ሐሜት ሆኖ ይቀራል።

ባንዳና የውስጥ አርበኛ

«ባንዳ» የጣሊያንኛ ቃል መሆኑን ያውቁ ኖሯል? በቋንቋው ትርጉሙ ጭፍራ ወይም ቡድን ነው፤ ከመደበኛው ሠራዊት ውጭ ለጣሊያን የሚዋጉ የአገር ተወላጆች የሚጠሩበት ነበር። እኛ ዘንድ ሲገባ ለከሃዲ ሁሉ መጠሪያ ሆነ።

ከዓድዋ ጦርነት በፊት ጣሊያኖች ከፍለው ያሰማሩት ሰላይ ለኢትዮጵያ ይሠራ እንደነበርስ? ባሻይ አውዓሎም የእንትጮ አካባቢ ሰው ነበሩ። ለጄኔራል ባራቲየሪ ያደረሱት ወሬ የምኒልክ ጦር ስንቅ አልቆበት ተበትኗል የሚል ነበር። ጦሩ ግን እዚያው ነበር። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. የሆነውን ዓለም ያውቀዋል። ውሸቱ የተዋጠው ግማሹ እውነት ስለነበረ ነው፤ ስንቅ በእርግጥ አጥሮ ነበር።

በጣሊያኑ እንደራሴ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከወረወሩት አንዱ የጣሊያኖች ሠራተኛ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? አብርሃ ደቦጭ በጣሊያን የፖለቲካ ቢሮ ውስጥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ስለዚህም ታምኖ ነበር፤ በጎረቤቶቹ ዓይን ግን ባንዳ ነበር። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ከሞገስ አስገዶም ጋር ገነተ ልዑል ግቢ ገብቶ ቦምቡን ወረወረ። ከዚያ በፊት ባለቤቱን ወደ ደብረ ሊባኖስ ልኳት ነበር። ያችን ዕለት እናስባት፦ ሰውየው ስንቅ ያስራል፣ ሚስቱን ይሸኛል፣ ለምን እንደሆነ ግን አይነግርም። ቢሮው ተመልሶ ወረቀት ይተረጉማል፤ ጣሊያኖቹንም ሰላም ይላል።

በዚያው የካቲት ወር በደቡብ ጎጌቲ ላይ የመደበኛው ጦርነት የመጨረሻ ትልቅ ውጊያ መደረጉንስ? የያኔው የሲዳሞ ገዥ ራስ ደስታ ዳምጠው ከደጃዝማች በየነ መርዕድና ከደጃዝማች ገብረ ማርያም ጋሪ ጋር ተዋጉ። ዛሬ ጌዴኦ የምንለው ምድር ያኔ «ደራሳ» እየተባለ በሲዳሞ ሥር ነበር። በአዲስ አበባ «ሊሴ ገብረ ማርያም» የሚባለው ትምህርት ቤት ስሙን ያገኘው ከእኚሁ ደጃዝማች ነው። ራስ ደስታ ከውጊያው ቢወጡም በጣሊያን በኩል ያደሩ የአገር ልጆች ያዟቸው፤ የካቲት 17 ተረሸኑ። «ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ» ማለት ይህ ነው።

በጠላት ከተማ ተቀምጦ ለአርበኛ የሚሠራ ሰው «የውስጥ አርበኛ» ይባል እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ወይዘሮ ሸዋረገድ ገድሌ ከእነዚህ አንዷ ናቸው። መድኃኒት፣ ጥይትና ወሬ ያቀብሉ ነበር፤ ተይዘው ተገርፈዋል፣ ጣሊያን ውስጥ ወዳለችው አዚናራ ደሴትም ተግዘዋል። በመንገድ ላይ ቢያዩዋቸው የውስጥ አርበኛውና ባንዳው አንድ ልብስ የለበሱ፣ ለአንድ ሹም እጅ የሚነሱ ሰዎች ነበሩ። የሚለያቸው ማታ ለማን እንደሚናገሩ ነው።

ከሕጉ

የወንጀል ሕጋችን ክህደትንና ስለላን ለየብቻ እንደሚያያቸው ያውቁ ኖሯል? በ1996 ዓ.ም. የወጣው ሕግ ከአንቀጽ 248 ጀምሮ ክህደትን፣ ከጠላት ጋር መተባበርንና ስለላን በተራ ይዘረዝራል።

ስውር ምርመራ በዓለም አቀፍ ስምምነት የታወቀ ዘዴ መሆኑንስ? እ.ኤ.አ. በ2000 የጸደቀው ድንበር ተሻጋሪ የተደራጁ ወንጀሎችን የሚመለከተው የተባበሩት መንግሥታት ስምምነት በአንቀጽ 20 ሦስት ዘዴዎችን ይጠቅሳል። አንደኛው ሕገ ወጡን ጭነት እያዩ እንዳላዩ ሆኖ እስከ መድረሻው መከታተል፣ ሁለተኛው በኤሌክትሮኒክስ መሣሪያ መከታተል፣ ሦስተኛው በሽፋን ሥር ሰርጎ መግባት ነው። ኢትዮጵያ ስምምነቱን በ1999 ዓ.ም. አጽድቃለች። የመጀመሪያውን ዘዴ በኬላው ስናየው እንዲህ ነው፦ አይሱዙውን ዲላ ላይ የያዘ ሰው ሹፌሩን ብቻ ያገኛል፤ መጨረሻው ድረስ የተከተለ ግን ጌታውን።

የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ምስክርን እስከ ማንነት መቀየር ድረስ እንደሚጠብቅ ያውቁ ኖሯል? ጥበቃው የሚሠራው 10 ዓመትና ከዚያ በላይ በጽኑ እስራት ወይም በሞት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ ነው።

በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የገንዘብ ማጠብ ወንጀል መከላከያ አዋጅ ያከራከረው በስውር መርማሪ ምክንያት እንደሆነስ? ሰውየው ቡድኑ ውስጥ ለመቆየት ሲል ለሚፈጽመው ድርጊት ከተጠያቂነት ነጻ ይሁን ወይ ነው ጥያቄው። ምንም ካላደረገ ይነቃበታል፤ ሁሉን ካደረገ ደግሞ ከእነሱ በምን ተለየ?

ስውር ፖሊስ ወንጀል «መጋበዝ» እንደማይችል ያውቁ ኖሯል? እ.ኤ.አ. በ1998 የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በፖርቱጋል ላይ በፈረደው ጉዳይ፣ ሁለት ስውር ፖሊሶች በወንጀል ያልተጠረጠረን ሰው ሄሮይን እንዲያመጣላቸው ጠይቀውት ነበር። ሰውየው ፍትሐዊ ዳኝነት አላገኘም ተባለ። ሌባ መጠበቅ ሌላ፣ ሌባ መሥራት ሌላ።

ከባሕር ማዶ

የፓሪስ የወንጀል ምርመራ ቡድን መሥራች የቀድሞ እስረኛ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ቪዶክ ቡድኑን እ.ኤ.አ. በ1812 ሲያቋቁም አብዛኞቹን ሠራተኞች የመለመለው እንደሱ ወህኒ ከቀመሱት ነው።

ጆ ፒስቶን የተባለው የኤፍ ቢ አይ ባልደረባ በኒው ዮርክ ማፊያ ውስጥ ለስድስት ዓመት ያህል መኖሩንስ? ሽፋኑ የጌጣጌጥ ሌባነት፣ ስሙ ዶኒ ብራስኮ ነበር። ባመጣው ማስረጃ ከ100 በላይ ሰዎች ተፈረደባቸው። ወደ ማፊያው ካስጠጉት ሰዎች አንዱ ለስህተቱ በሕይወቱ ከፈለ።

በሩሲያ የዛሩን ሹማምንት የሚገድለው ቡድን መሪ የዛሩ ምስጢር ፖሊስ ቅጥረኛ እንደነበር ያውቁ ኖሯል? ዬቭኖ አዜፍ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1904 የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩን ፕሌቬን ያስገደለው ከሚኒስትሩ መሥሪያ ቤት ደመወዝ እየበላ ነው። ጓደኞቹንም ለፖሊስ ይሸጥ ነበር። ሁለቱንም ወገን የካደን ሰው ባንዳ ነው ወይስ አርበኛ ነው ብሎ መጠየቅ እንኳ አይቻልም።

ከሃዲው ራሱን እንዲፈልግ የታዘዘበት ጊዜ እንደነበርስ? ሮበርት ሀንሰን የኤፍ ቢ አይ ባልደረባ ሆኖ እ.ኤ.አ. ከ1979 ጀምሮ ለሞስኮ ምስጢር ይሸጥ ነበር። በ1987 አለቆቹ ምስጢር የሚያወጣውን ሰው እንዲያጠና አዘዙት፤ ሌባ ሻይ ገመዱን በራሱ ወገብ ላይ አሰረ ማለት ነው! አሜሪካኖች ለአንድ ሩሲያዊ 7 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ባገኙት ፋይል ድምፁና አሻራው ሲገኝ፣ ኤሪክ ኦኒል የተባለ ወጣት በረዳትነት ስም ቢሮው ውስጥ ተቀመጠ። ወጣቱ ሀንሰን ከእጁ የማይለያትን የኪስ ኮምፒውተር አለቃው ዞር ባለበት ሰዓት ከቦርሳው አወጣ፤ ተቀድታ ስትመጣ ወደ ቦታዋ መለሳት። ቦርሳው ብዙ ኪስ ስለነበረው ከየትኛው እንዳወጣት ረስቶ ነበር፤ በግምት ከተታትና ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ሀንሰን እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 2001 እጅ ከፍንጅ ተያዘ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 እስር ቤት ሞተ።

የቦስተኑ ወሮበላ ዋይቲ በልጀር 16 ዓመት የተሰወረው ከሕግ አስከባሪ ሹክሹክታ ደርሶት እንደሆነ ያውቁ ኖሯል? ሊታሰር መሆኑን የነገረው፣ በልጀር የኤፍ ቢ አይ ጠቋሚ ሳለ ይከታተለው የነበረው የቀድሞ የኤፍ ቢ አይ ሰው ጆን ኮኖሊ ነበር። ኮኖሊ እ.ኤ.አ. በ2002 ተፈረደበት፤ በልጀር በ2011 ተያዘ።

ጋናዊው ጋዜጠኛ አናስ አረመያው አናስ በአደባባይ ፊቱን በዶቃ መጋረጃ ሸፍኖ እንደሚቀርብስ? እ.ኤ.አ. በ2015 በስውር ካሜራ ከ30 በላይ ዳኞችን ጉቦ ሲቀበሉ አሳይቷል። የሥራ ባልደረባው አህመድ ሁሴን ሱዋሌ ግን መጋረጃው ተገፈፈበት፤ አንድ የፓርላማ አባል ፎቶውን በቴሌቪዥን አሳየው። እ.ኤ.አ. በጥር 2019 በጥይት ተገደለ።

ከቃላቱ

አማርኛ ሰላይን «ጆሮ ጠቢ» ሲል፣ ወሬውን ከሰው ጆሮ እንደ ወተት የሚጠባ ማለቱ እንደሚመስል ያውቁ ኖሯል? ማሞ ውድነህ የስለላ ታሪኮችን ወደ አማርኛ እየመለሱ ቃሉን በየቤቱ አስገብተውታል፤ ይልማ ሀብተየስ ደግሞ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን በአማርኛ በማስለመድ ይታወቃሉ።

«ሌባ እናት ልጇን አታምንም» የሚለው ተረትስ የወንጀለኛ ቡድንን ጠባይ ጨርሶ እንደሚገልጽ ልብ ብለዋል? ስውር መርማሪው የሚገባው በዚህች አለመተማመን ስንጥቅ ነው። የሚሞተውም በእሷው።

አሁን ወደ ዲላው ሲኒ እንመለስ። አዜፍን፣ በልጀርን፣ የተረኛውን ስልክና የሱዋሌን ፎቶ አንድ ላይ ብናያቸው ሁሉም የዝርዝር ጉዳይ ናቸው። ወፍን የሚያድነው ሽማግሌው አፉን መዝጋቱ ነው። ስውር መርማሪንም የሚያድነው ቁጥሩን ከስሙ ጋር የሚያያይዘው ሰው መታመኑ ነው። ቀማሹ ማንኪያውን አስቀምጦ ውጤቱን ይጽፋል፦ ይሄ «ኤ»፣ ያኛው «ቢ»። ከዚያ በኋላ ነው ዝርዝሩ የሚከፈተው፤ ከዚያ በፊት ከተከፈተ፣ የተቀመሰው ቡናው መሆኑ ቀርቶ የባለቤቱ ስም ነው።